ጤፍ አይነቅዝም፤ ታዲያ የነቀዙ ክኒን በመጋዘኑ ምን ይሠራል?

የመንቆረር ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ የሚካሄድ አንድ ረዘም ያለ የወንጀል ምርመራ ታሪክ እየጻፍሁ ነው። ግማሹን ከጨረስሁ በኋላ ስለተያዝሁ፣ ሕግም ሕክምናም እህልም የምታውቁ ሁሉ እንድታርሙኝ ነገሩን ከነጉድለቱ አቀርባለሁ። ገዳዩን ከመጀመሪያው ስለምናገር፣ ታሪኩ ሲወጣ በጉጉት ማንበብ የሚፈልግ ሰው ካለ እዚህ ላይ ቢመለስ አልቀየምም።

ሟቹ በስድሳዎቹ መጨረሻ ያሉ ባለጸጋ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ በታሪኩ ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ከቢቸናና ከደጀን ነጭ ጤፍ እየሰበሰቡ ዓባይን አሻግረው አዲስ አበባ የሚሸጡ፣ ሁለት የጭነት መኪናና ያረጀ ግን ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰው ናቸው። ዘመኑ 2017 ነው። ነሐሴ 24 ንጋት ላይ፣ ቤተሰቡ የተክለ ሃይማኖትን ማኅሌት ቆሞ አድሮ ሲመለስ፣ ጉንፋን ይዟቸው ቤት የቀሩት ጋሼ አልጋቸው ሥር ወድቀው ሞተው ይገኛሉ። የተኙበት ክፍል ከጤፍ መጋዘኑ የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ሲሆን፣ በመጋዘኑ ውስጥ በጆንያዎቹ መካከል የነቀዝ ክኒን ይገኛል። ቤተሰቡም ፖሊሱም ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ የገደላቸው መሆኑን ተቀብለው «የእግዜር ሥራ ነው» ይላሉ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላም ቀብሩ ይፈጸማል።

መርማሪዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ጡረታ የወጣ የፖሊስ መርማሪ ነው፤ እሷ በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናትና ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ከሟች ጋር በአንድ እድር ናቸው። ለምን ባልና ሚስት አደረግኻቸው የሚለኝ ስለማይጠፋ አስቀድሜ ልመልስ። ለቅሶ ቤት ሁለት ቤት ነው። ወንዱ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ሲያወራ ይውላል፤ ቢበዛ ማን ከማን ጋር እንዳልተሳሰመ ያያል። ሴቷ ግን ንፍሮ እየቀቀለች፣ ዕቃ እያጠበች ጓዳ ትገባለች፤ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ሟች በመጨረሻው ሳምንት ምን እንደበላ፣ የት እንደተኛ፣ ማንን እንደተቆጣ ሳይጠየቅ ይነገራል። አንድ ብቻውን የሚሠራ መርማሪ፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ከእነዚህ ሁለት ቤቶች አንዱን ብቻ ነው የሚያገኘው። ማታ እቤታቸው ሲገናኙ ነው ሁለቱ ቤቶች አንድ የሚሆኑት።

ሲስተርን ያነቃት ነገር እነሆ፦ ጓዳ ውስጥ አንዲት ሴት «መጋዘኑ ውስጥ እኮ ጤፍ እንጂ ሌላ የለም» ትላለች። ጤፍ አይነቅዝም። ታዲያ የነቀዝ ክኒን ለምን ገባ?

ገዳዩ መጋዘኑን የሚያስተዳድረው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ የገደለውም ለውርስ ነው። ለማሳሳቻ ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ የእኅታቸው ልጅ አንድ ኑዛዜ ይዞ ብቅ ይላል። መጨረሻው በአርባው፣ መስከረም 28፣ ዘመድ አዝማድ ተዝካር ላይ ተሰብስቦ ሳለ ባልና ሚስቱ ተነሥተው ገዳዩን በሁሉ ፊት ሲያጋልጡት ነው። እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

ጠበቃ ነኝ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ጓዳና ድንኳን ያልኸውን ወድጄዋለሁ፤ ውርሱ ግን አይሆንም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ የሚወርሱት የሟች ልጆች ናቸው (ቁጥር 842)። ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ካሉ ወላጆች እንኳ አይወርሱም፤ ወንድም የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ በወላጆቹ ምትክ ነው። ጋሼ ልጆች ካሏቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው እሳቸውን በመግደል ከውርሱ አንዲት ጆንያ አያገኝም። አንባቢ ከሆኑ ጠበቆች አንዱ ይህን ካየ መጽሐፉን እዚያው ይዘጋዋል። ሚስትም ብትሆን፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሳይሆን፣ በሕጉ ወራሽ አይደለችም፤ የምታገኘው ከጋራው ንብረት ግማሽ ድርሻዋን ነው።

ወራሽ ሆኖ የገደለ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ሟችን ሆነ ብሎ በመግደል የተፈረደበት ሰው በቁጥር 838 መሠረት ለመውረስ ያልተገባ ይሆናል። ስለዚህ ለውርስ የሚገድል ሰው ሞቱ ግድያ መሆኑ ፈጽሞ እንዳይታወቅ ማድረግ አለበት፤ ይህ ለታሪክህ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም አደጋ አስመስሎ መግደል ለምን እንዳስፈለገ ያብራራል። ብቻ ለወንድምየው ሌላ ምክንያት ፈልግለት።

የእኅታቸው ልጅ ግን ኑዛዜ መፈብረኩ ልክ ነው፤ ያለ ኑዛዜ ምንም ስለማያገኝ። ሕጉ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ነው፦ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው፣ እና የቃል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ መፈረም አለበት (ቁጥር 881)። አራት ሐሰተኛ ምስክር ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ የአንተ ሰው የጋሼን እጅ ጽሑፍ አስመስሎ ቢጽፍ ይቀልለዋል።

ስለ ወንጀሉ፦ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አስቀድሞ ታስቦበት፣ ነውረኛነትን ወይም ጨካኝነትን በሚያሳይ ዘዴ የተፈጸመ ግድያን በአንቀጽ 539 በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። ተራው የሰው ግድያ፣ አንቀጽ 540፣ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ነው። በመርዝ፣ ለዚያውም የታመመን ወንድም፣ ከመጀመሪያው ነው የሚመደበው።

ሲስተር ከፍኖተ ሰላም

የሙያ ባልደረባዬ በታሪክ ውስጥ መርማሪ ሆና በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ነርስ በታሪክ ውስጥ የምትገባው መርፌ ይዛ ሐኪሙን ለመከተል ነው።

የነቀዝ ክኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይመስላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በክረምት፣ ያለ መስኮት በተዘጋ ክፍል፣ በጭቃ ግድግዳ በኩል ሰው መግደሉ የሚታመን ነው። ነገር ግን ሰውዬው በእንቅልፍ እንዳሉ ዝም ብለው አያልፉም፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ደረት መጨነቅ ይቀድማል፤ ይነሣሉ፣ ይጣራሉ። ቤተሰቡን ሁሉ ማኅሌት መላክህ ለዚህ ነው ብዬ ገምቻለሁ። ከሆነ ግሩም ነው፤ ገዳዩም እንዲሁ ከተማው እያየው ሲያሸበሽብ አድሮ ሊሆን ይችላል፣ ክኒኑ የሚሠራው እሱ በሌለበት ነውና። «ሌሊቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ» የሚለው ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ ዋጋ የለውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ከአስከሬን ብዙ አትጠብቅ። ለብዙ ዘመን የወንጀል ነክ አስከሬን ምርመራ ሲባል ወደ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል መላክ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያው ቀን ከተቀበሩ በኋላ በሳምንታት አውጥቶ ቢመረመር፣ ጋዙ ስለሚጠፋ መርዙን በቀጥታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ማስረጃህ ቤቱ ውስጥ መሆን አለበት።

አንድ የግል አስተያየት ልጨምር። ሲስተር ሬሳውን ስታይ አፍንጫዋን ሸፍና ወደ ኋላ ካላለች፣ ከዚያም በሩንና መስኮቱን ክፈቱ ብላ ካልጮኸች፣ ነርስ አይደለችም። ጋዙ አሁንም እዚያው አለ።

የቡሬ እህል

እኔ በእህል ንግድ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቻለሁ፤ ቡሬ የበቆሎ አገር ስለሆነ ነቀዝን ከዘመድ እኩል አውቀዋለሁ። ጤፍ አይነቅዝም ያልኸው ትክክል ነው። ነቀዝ እንቁላሉን ፍሬው ውስጥ ነው የሚጥለው፤ ትሉም እዚያው እየበላ ያድጋል፤ ጤፍ ደግሞ ከማነሱ የተነሣ ትል የሚያሳድግ ሆድ የለውም። አባቶቻችን ጤፍን ጎተራ ከትተው ዓመታት የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

ሆኖም ያቀረብኸው ፍንጭ ብቻውን ማንንም አያስይዝም። ወንድምየው «ባለፈው በጋ በቆሎ አስገብተን ነበር፤ ክኒኑ ከዚያ የቀረ ነው» ቢል ማን ይከራከረዋል? እኔ ብሆን የምመልስለት እንዲህ ነው፦ ክኒኑ ጋዙን ጨርሶ ሲያወጣ አመድ ይሆናል፤ ግራጫ ዱቄት ብቻ ይቀራል። ከበጋ የቀረ ክኒን ነሐሴ ላይ አይሸትም፣ አይገድልምም። አመዱ ደግሞ የት ተገኘ? በቆሎው ከወጣ በኋላ መጋዘን ይጠረጋል፤ አመዱ ከአዲሶቹ የጤፍ ጆንያዎች በላይ ወይም በመካከላቸው ከተገኘ፣ ጤፉ ከገባ በኋላ የተቀመጠ ነው። ጤፉ የገባበትን ቀን ደግሞ ተሸካሚዎቹ ያውቁታል፤ በጆንያ ሒሳብ ስለሚከፈላቸው ከነጋዴው ደብተር ይልቅ የእነሱ ቃል ይታመናል።

ለወንድምየው ምክንያት ከፈለግህ ደግሞ ሩቅ አትሂድ። መጋዘን ያዥ የሚፈራው ቆጠራን ነው። ለሁለት ዓመት ከጀርባ ጥቂት በጥቂት ሲሸጥ ቆይቶ፣ ጋሼ «ዓመቱ ሲለወጥ እንቆጥራለን» ካሉ፣ ጳጉሜን ለእሱ በጣም ቅርብ ናት። የጎደለውን ለመደበቅ በስተኋላ ያሉትን ጆንያዎች ገለባ ሲሞሉ አይቻለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም።

ተጠራጣሪ አንባቢ

ሁላችሁም ስላመሰገናችሁት እኔ ልቃወም። ባልና ሚስት ሆነው ወንጀል የሚመረምሩ ሰዎች የፈረንጅ ጌጥ ናቸው፤ ሻምፓኝ እየጠጡ የሚቀላለዱ ሀብታሞች። በእኛ አገር ሚስት ባሏን ተከትላ የሰው መጋዘን ብትበረብር እድሩ ራሱ ይወስንባታል። ደግሞስ ሥልጣናቸው ምንድን ነው? ጡረታ የወጣ ፖሊስ ፖሊስ አይደለም። ሌላው፣ በየታሪኩ «ሰምና ወርቅ» የሚል መርማሪ መፍጠር ጎጃም ለሚጽፍ ሁሉ ልማድ ሆኗልና እባክህ እሱን ተወን።

የመንቆረር ልጅ

ሰምና ወርቁን አልነካሁም፤ እንኳን ነገሩኝ። ስለ ፈረንጅ ጌጥ ግን አልስማማም። የአገራችንን አሮጌ አውጫጭኝ ያስታውሱ፦ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር፤ በግልጽ ለመመስከር የፈራ ሰው ያወቀውን «ወፍ ነገረችኝ» በሚል መንገድ ያስተላልፍ ነበር። ጓዳ ውስጥ የሚሆነው ያው ነው። ሲስተር የማንንም መጋዘን አትበረብርም፤ የምታደርገው ንፍሮ መልቀም ነው፤ ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። እሱም በሥልጣን አይደለም የሚሠራው፤ የቀድሞ ባልደረቦቹ ቤት ሄዶ ቡና እየጠጣ «እስቲ ይህን አስቡበት» ይላል እንጂ።

ጠበቃው፣ ሲስተር፣ የቡሬው ወንድሜ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ውርሱን ጥዬ ቆጠራውን ይዣለሁ። አሁን የቀረኝ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነው፦ ጋሼ ከመጋዘኑ አጠገብ ባለው ክፍል ለምን ተኙ? የዘወትር መኝታቸው ከሆነ፣ ክኒን ያስገባ ሁሉ ባለማወቅ ሊገድላቸው ይችል ነበር፤ ግድያ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይኖረኝም። ስለዚህ እንዲህ ጻፍሁት፤ ከረቂቁ ቆርጬ አስቀምጣለሁ።

*«ጋሼ እዚያ ጨለማ ክፍል ማን አስገባቸው?» አለች ሲስተር፣ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ እንዳስደገፈች።*

*«የፊተኛው መኝታቸው ጣሪያው አፈሰሰ እኮ፣ ሲስተር። ልክ አልጋው ላይ። በፍልሰታ ማግስት ነው የተዛወሩት።»*

*ዕቃ ልታወጣ ወደ ፊተኛው ክፍል ገባች። ከአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ የውኃው ነጠብጣብ እንደ ሻይ ቀለም ከቦ ይታያል። ከክቡ አጠገብ አቡጀዲው ስንዝር ያህል ተቀዶ ተሰፍቷል። ስፌቱ ከዚህ ቤት ሴቶች እጅ የወጣ አይደለም፤ እነሱ የትራስ ልብስ እንኳ ሲጠቅሙ ዓይን አይለየውም። ይህ ሰፋፊ፣ ወፍራም፣ በሲባጎ ክር የተጎተተ ነው፤ የጆንያ አፍ የሚሰፋበት ዓይነት።*

*ማታ ለባሏ ነገረችው። «ኢንስፔክተር፣» አለችው፤ ስታሾፍበትም ሆነ ስታከብረው የምትጠራው እንዲህ ነው፤ «ነገ መሰላል ተዋስ።»*

*በማግስቱ እሱ ቆርቆሮውን አየ። ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ሚስማር የሚያህል። ጣቱን ሲያሳልፍበት ከንፈሩ ወደ ላይ ታጥፎ ቧጠጠው። ከላይ የተመታ ሚስማር ቆርቆሮውን ወደ ታች ነው የሚያጥፈው። ይህ ከውስጥ የተበሳ ነው።*

እሷ ስፌቱን፣ እሱ ቀዳዳውን። አንዱ ያለ ሌላው ምንም አይደለም፦ ቀዳዳው ብቻውን የቆየ ብልሽት ሊባል ይችላል፤ ስፌቱም ብቻውን የግዴለሽ ሰው ሥራ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጆንያ የሚሰፋ ሰው ኮርኒሱን ቀድዶ፣ ቆርቆሮውን ከውስጥ በስቶ፣ መልሶ ሰፍቶታል ማለት ነው።

ቆርቆሮ መቺው

ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ሳለ አንድ የእጅ ሥራ ስሕተት አለበት። ከንፈሩ ወደ ላይ የታጠፈ ቀዳዳ ውኃ ለማስገባት ይለግማል፤ ከንፈሩ ራሱ እንደ ክትር ሆኖ ይመልሰዋል። የሚያስገባው ቀዳዳው ቆርቆሮው ጎድጓዳ ላይ፣ ውኃው በሚወርድበት መስመር ከሆነ ነው፤ በኃይለኛ ዝናብ ከከንፈሩ በላይ ስለሚሞላ። ይህን ካደረግህ ደግሞ ሌላ ማስረጃ በነጻ ታገኛለህ፦ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ጣሪያ ሲመታ ሚስማሩን ጉብታው ላይ እንጂ ጎድጓዳው ላይ አይመታም። ስለዚህ መርማሪው ገና ጣሪያው ላይ ሳይወጣ፣ ከታች ሆኖ የብርሃኗን ነጥብ አይቶ «ይህ ሚስማር እዚህ ቦታ ምን ሊሠራ መጣ?» ማለት ይችላል።

የመንቆረር ልጅ

ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው። ነገ አስገባዋለሁ።

ዲያቆን ዘጎጃም

ሁለት የቀን ነገሮችን ላርም፤ ወይም አንዱን ላርም ሌላውን ልስጥ።

አርባውን መስከረም 28 ብለሃል። ከነሐሴ 24 ጀምረህ ስትቆጥር ትክክል ነው፤ ትክክል የሚሆነው ግን ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት ብቻ ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን አርባው መስከረም 27 ላይ ይውል ነበር። 2017 ዘመነ ማቴዎስ ስለሆነ ትድናለህ።

አሁን የምሰጥህ፦ ያ የእኅታቸው ልጅ የፈበረከው ኑዛዜ የተጻፈበት ቀን «ጳጉሜን 6 ቀን 2014» ይሁን። 2014 ዘመነ ማርቆስ ነበር፤ ጳጉሜን 6 የሚባል ቀን አልነበረውም። ጳጉሜን ስድስት የነበረችው በ2011 እና በ2015 ነው። ኑዛዜው ባልነበረ ቀን ተጻፈ ማለት ነው።

ተጠራጣሪ አንባቢ

ዲያቆን፣ ነገሩ ያምራል፤ ግን ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ይስታል? እኔ እንኳን አልስተውም።

ዲያቆን ዘጎጃም

ጎጃም የኖረ አይስትም፤ ውጭ የኖረ ነው የሚስተው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን በ2019 ጳጉሜን 6 ነበር፤ በ2022 ግን መስከረም 1 ነው። ልጁ ቀኑን በፈረንጅ አስቦ፣ በስልኩ ሳያገላብጥ በትዝታው ብቻ ከቀየረው፣ የሚወድቀው ልክ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስሕተቱ ማን እንደጻፈው ራሱ ይናገራል። ደግሞም አስተውሉ፦ አዲስ ዓመትን ያህል በዓል ዘንግቶ ኑዛዜ እንደሚጻፍበት ተራ ቀን መቁጠሩ።

ጠበቃ ነኝ ከባሕር ዳር

ይህ ለታሪኩ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለት ወንጀል በሁለት እጅ ተፈጸመ ማለት ነውና። ፖሊስ ሞቱ ላይ ጥርጣሬ ሲያድርበት መጀመሪያ የሚይዘው ኑዛዜ የያዘውን ነው፤ ተጠቃሚው እሱ ስለሚመስል። የኑዛዜው ሐሰተኛነት ሲታወቅም ጥርጣሬው ይብስበታል እንጂ አይቀልለትም። ባልና ሚስቱ ሊያስረዱ የሚገባቸው ልጁ ሌባ እንጂ ገዳይ አለመሆኑን ነው፤ በፍልሰታ ማግስት ጣሪያው ሲበሳ ገና አገር ቤት አልገባም።

እግረ መንገዴን፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 19 ላይ ይህንኑ ይላል፤ የጉዞው ጊዜ ግን አይቆጠርም። ስለዚህ ልጁን አንድ ሳምንት ያለ ፍርድ ቤት እንዳታቆየው። ወንድምየው ለፖሊስ ያምናል ብለህ ከጻፍህም፣ ቃሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ በዳኛ ፊት በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት ቢመዘገብ ይሻላል፤ በኋላ ተገድጄ ነው ቢል የሚቆመው ያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞዬ እመጣለሁ። ተዝካር ላይ አታጋልጠው።

እናት ከሞጣ

ጠበቃው ሳይጨርሱ ልግባ፤ ይቅርታ። ልጄ፣ ለሟች ነፍስ ሰው በተሰበሰበበት፣ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ማዕድ ሲቀርብ «ገዳዩ ይኸው» ብሎ መነሣት ከግድያው ያልተናነሰ ነውር ነው። እዚያ ተቀምጠው የሚበሉት የጋሼ ልጆች ናቸው፤ የወንድምየውም ልጆች አሉ። በአንድ ገበታ ላይ ደም ተጠራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የወንድማማች ልጆቹ ደመኛ ይሆናሉ፤ ሽማግሌ ገብቶ ደሙን እስኪያደርቀው ድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅና በመሐል ስንቱ እንደሚሄድ እኔ አይቻለሁ። ይህን ሲስተር ታውቃለች። ጓዳ የዋለች ሴት ይህን ሳታውቅ አትቀርም።

ጠበቃ ነኝ ከባሕር ዳር

እማማ ከሕጉ የተሻለ ተናገሩ። እኔ ልል የነበረው፣ በሕዝብ ፊት ከተነገረው ማግስት ቆርቆሮው ይቀየራል፣ አቡጀዲው ይቃጠላል፣ ጆንያዎቹም ይሸጣሉ የሚለውን ነበር። ማስረጃው መያዝ ያለበት በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሚደረግ ብርበራ ነው፤ ብርበራ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚደረገው።

የመንቆረር ልጅ

ሁለት ቀን ሳልጽፍ የቆየሁት የእማማ ቃል ስላስቸገረኝ ነው። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ያንን ትዕይንት የወሰድሁት ካነበብኋቸው ታሪኮች እንጂ ካየሁት ለቅሶ አይደለም። ተጠራጣሪው «የፈረንጅ ጌጥ» ያሉት ባልና ሚስቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነበር የሚሠራው።

ስለዚህ መጨረሻውን ቀይሬዋለሁ። ተዝካሩ በሰላም ያልፋል። ሲስተር እንጀራ ታቀርባለች፤ ወንድምየው እጁን ሲታጠብ ውኃ የምታፈስስለት እሷ ናት፤ ሁለቱም አንድም ቃል አይናገሩም። ብርበራው የሚደረገው በማግስቱ፣ መስከረም 29፣ ዘመድ ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፖሊሶቹ ኮርኒሱን ቀድደው ስፌቱን ይወስዳሉ፤ ቆርቆሮውን ነቅለው ያወርዳሉ፤ በስተኋላ ያሉት ጆንያዎችም ሲፈቱ ገለባ ይወጣቸዋል። የመጨረሻውን ክፍል ላስቀምጥና ክሩን ለእናንተ ልተው።

*ወንድምየው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው ጆንያ ሲፈታ አላየም፤ ያየው ኢንስፔክተሩን ነው።*

*«አንተ ጡረታ ወጥተሃል» አለው።*

*«ወጥቻለሁ።»*

*«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»*

*ኢንስፔክተሩ መልስ አልሰጠም። ሲስተር ከአጥሩ ውጭ፣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ቆማለች። ፖሊሱ ከወንድምየው ኪስ የጆንያ መርፌ አወጣ፤ ዓይኑ ላይ ሲባጎ ክር ተንጠልጥሎበታል። ሲስተር ከሩቁ የክሩን ጫፍ አየች፤ እንደ ኮርኒሱ ክር ጫፉ በጥርስ የተበጠሰ ነው።*

የቡሬ እህል

በጣም ጥሩ ነው፤ እማማም የሚደሰቱ ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሲባጎ በጥርስ አይበጠስም፤ የሞከረ ድዱን ያደማል። ጆንያ የሚሰፋ ሰው ክሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በቢላዋ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ጫፉ የተበጣጠሰ ሳይሆን ሰያፍ ነው የሚሆነው። ኮርኒሱም ላይ እንዲያው አድርገው።

የመንቆረር ልጅ

ሰያፍ። አሁኑኑ ሁለቱም ቦታ ላይ አስተካክላለሁ።